ወሊድ ቀነሰ እየተባለ ሕዝቡ ለምን ይጨምራል?

አንዲት የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት የጠየቁት ይህን ነው፦ «መጽሐፉ በኢትዮጵያ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ ቁጥር ቀንሷል ይላል። ዙሪያዬን ሳይ እውነት ይመስለኛል። እናቴ ስምንት ወለደች፣ እኔ ሁለት አለኝ። ግን ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ክፍል ይጠበዋል፣ ከተማው ይሰፋል፣ ሕዝቡም ጨመረ ይባላል። ተማሪዎቼ ‹ቲቸር፣ ታዲያ የቱ ነው ውሸት?› ሲሉኝ መልስ አጣሁ።»

ሰላም መምህርት። ሁለቱም እውነት ነው። ተማሪዎችዎ ግን የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ወሊድ መጠን አንድ ምዕራፍ፣ ስለ ሕዝብ ብዛት ሌላ ምዕራፍ እናስተምርና የሁለቱን ግንኙነት ሳንነግራቸው እናልፋለን። እኔ በሥነ ሕዝብ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ በየመድረኩ እሰማዋለሁ። ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ጀርባ «እናቶች አሁንም ዝም ብለው ይወልዳሉ» የሚል ወቀሳ አለ። ወቀሳው ስህተት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ። በ1982 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ 6.4 ልጅ ትወልድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ጥናት ወደ 5.5 ወረደ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 4.6 ሆነ። በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ወደ ሁለት ልጅ የሚጠጋ ቅናሽ ነው፤ ትንሽ አይደለም። ወደ ቆጠራው ስንመጣ ግን በ1976 ዓ.ም. ኤርትራ ሳትጨመር 40 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። በ1987 ዓ.ም. 53.5 ሚሊዮን ሆንን። በ1999 ዓ.ም. 74 ሚሊዮን ደረስን። አንዱ ቁጥር ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል።

ምስጢሩ ያለው «በአማካይ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። 4.6 የአንዲት ሴት ነው። ስንት ሴት እንዳለች አይነግረንም።

እስቲ ሰሌዳ ላይ ይጻፉት። በአንድ ቀበሌ 100 እናቶች ነበሩ እንበል፤ እያንዳንዳቸው ስድስት ወለዱ። 600 ልጅ ነው። ከትውልድ በኋላ እዚያው ቀበሌ 200 እናቶች አሉ፤ እነዚህ አራት አራት ብቻ ወለዱ። 800 ልጅ ነው። እያንዳንዷ ሴት ከእናቷ ሁለት ልጅ አሳንሳ ወልዳለች፣ በቀበሌው የተወለደው ሕፃን ግን በ200 በልጧል። ውሸት የት አለ? የትም የለም።

አሁን ሞትን እንጨምርበት። በ1992 ዓ.ም. ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር 67 ሆኗል። ክትባቱ አለ፣ በየቀበሌው የገቡት ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፣ አጎበሩ፣ ንጹሕ ውሃው አለ። እነዚህን መጠኖች በምሳሌያችን ላይ ብናውላቸው ከ600ዎቹ አምስት ዓመት የሚሞላቸው 500 ገደማ ናቸው፤ ከ800ዎቹ ግን 746 ያህሉ ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ 200 የነበረው ወደ 250 ገደማ ይሰፋል ማለት ነው። ሕዝብ የጨመረው ሴቶች ከድሮው ይበልጥ ስለወለዱ ሳይሆን፣ የተወለደው እንደ ድሮው ስለማይሞት ነው። ይህን ለተማሪዎች ስንነግር በደስታ ልንነግራቸው ይገባል።

በ1999ኙ ቆጠራ ወጣት ሆኜ ገጠር ለቆጠራ ወጥቼ ነበር። እናቶችን «ስንት ወለዱ? ስንቱ በሕይወት አለ?» ብለን እንጠይቃለን። አንዲት እናት «ዘጠኝ፣ አምስቱ አሉ» አሉኝ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። ቅጹ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፍኩና ወጣሁ። እስከ ዛሬ ስለ ወሊድ መጠን ስናገር እሳቸው ፊቴ ይመጣሉ። አራት ልጅ የቀበረች እናት ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ብትወልድ «ድንቁርና ነው» የሚል ሰው የእሳቸውን ሂሳብ አልሠራም። ስንቱ እንደሚቀር ሳያውቁ ልጅን መቁጠር አይቻልም። ለዚህም ነው በየትኛውም ሀገር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሕፃናት ሞት የሚቀንሰው፣ ወሊዱ ከዓመታት በኋላ የሚከተለው። ሕዝብ በፍጥነት የሚያድገው በሁለቱ መሃል ባለው ጊዜ ነው። እኛ አሁን እዚያ መሃል ላይ ነን።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተማሪዎችዎ ምናልባት «እሺ፣ ሁሉም ሴት ዛሬ ሁለት ልጅ ብቻ ብትወልድ ይቆማል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አይቆምም። ወዲያው አይቆምም።

ሌላ ምሳሌ። ሴቶችን ብቻ እንቁጠር። በአንድ መንደር 100 አያቶች፣ 200 እናቶች፣ 400 ልጃገረዶች አሉ፤ ጠቅላላ 700። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዷ ልጃገረድ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ትወልዳለች እንበል፤ ራሷን ብቻ ተካች ማለት ነው። አንድ ትውልድ ሲያልፍ አያቶቹ የሉም። የዛሬዎቹ 200 እናቶች አያት ሆነዋል፣ 400ዎቹ ልጃገረዶች እናት ሆነዋል፣ እነሱም 400 ሴት ልጆች አሏቸው። ጠቅላላው 1,000 ነው። አንድ ትውልድ ደግሞ ይለፍ፦ 400 አያት፣ 400 እናት፣ 400 ልጅ። 1,200 ሆነ። ማንም ከራሷ ምትክ በላይ አልወለደችም፣ መንደሩ ግን ከ700 ተነስቶ 1,200 ደረሰ። ከዚያ በኋላ ነው የሚቆመው።

ይህን ባለሙያዎች የሕዝብ ሞመንተም ይሉታል። እኔ ለተማሪ የማስረዳው በሲኖትራክ ነው። ጭነት ሞልቶ ቁልቁለት የሚወርድ ሲኖትራክ ሾፌሩ ፍሬን ስለያዘ እዚያው ቀጥ አይልም፤ ፍሬኑ ይሠራል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል፣ መኪናው ግን ገና ይሄዳል። ሾፌሩ ፍሬን አልያዘም ብለን ብንጮህበት በደልነው። በእኛ ሀገር ጭነቱ ልጆች ናቸው። በ1999ኙ ቆጠራ ከሕዝቡ 45 በመቶ የሚሆነው ከ15 ዓመት በታች ነበር። የዚያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረች ልጅ ዛሬ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። የዛሬዋ እናት የተቆጠረችው ያኔ ነው።

የቻይናን ታሪክ ቢነግሯቸው ደግሞ ይገባቸዋል። ቻይና ውስጥ የወሊድ መጠኑ ከመተኪያው፣ ማለትም አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው 2.1 ልጅ በታች የወረደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1990ው ቆጠራ 1.13 ቢሊዮን ነበሩ፤ በ2020ው 1.41 ቢሊዮን ሆኑ። መቀነስ የጀመሩት በ2022 ነው። ያውም «አንድ ልጅ ብቻ» የሚል ጥብቅ ሕግ ለብዙ ዓመት እያለ! 30 ዓመት ያህል ከመተኪያ በታች እየወለዱ መጨመር ማለት ይህ ነው። አሁን ደግሞ ያው ነገር ተገልብጦ እየሠራባቸው ነው፤ ወጣት ሴቶች ስላነሱ፣ እያንዳንዷ ጥቂት ጨምራ ብትወልድ እንኳ ቁልቁል መሄዱ ወዲያው አይቆምም።

ወደ እርስዎና ወደ እናትዎ እንመለስ። ስምንትና ሁለት። የእርስዎ ቤት ታሪክ እውነት ነው፣ ግን የከተማና የተማረ ሰው ታሪክ ነው። በ2008ቱ ጥናት ያልተማረች ሴት በአማካይ 5.7 ልጅ ትወልዳለች፤ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረች 1.9። ገጠር 5.2፣ ከተማ 2.3። አዲስ አበባ 1.8 ነው፣ ከመተኪያው በታች። አዲስ አበባ ያለ ሕግ፣ ያለ ማስገደድ ከመተኪያ በታች ከወረደች ቆይታለች፤ በ1992 ዓ.ም. ጥናትም 1.9 ነበረች። በዚያው 2008 ሶማሌ ክልል 7.2 ነበር። 4.6 የሚለው አማካይ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቆ የያዘ ነው፤ ማንም ቤት ውስጥ 4.6 ልጅ የለም። አማራ ክልል ደግሞ 3.7 ደርሷል። አብዛኛው ሕዝቡ ገበሬ በሆነበት ክልል ይህ በጣም ትልቅ ለውጥ ነው። በቂ ትኩረት ያልተሰጠው ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ለምን እንዲህ ሆነች? ዋናው ነገር ጋብቻ ነው፤ ሴቶች በዕድሜ ገፍተው ያገባሉ፣ አንዳንዶቹም አያገቡም። ለምን ቢባል መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሥራ የለም፣ የቤት ኪራይ አይቀመስም፣ ወንዱ ቤት ሳይኖረው ሽማግሌ መላክ ያፍራል፣ ሴቷ ትምህርቷን ልጨርስ ትላለች። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የምትለዋ አባባል አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው አትሠራም። አከራይ «ስንት ልጅ አላችሁ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ የማልፈልገው ነገር፣ የወሊድ መቀነስ ሁሉ የምሥራች እንዳልሆነ ነው። ሴት በምርጫዋ ጥቂት ብትወልድ ደስ ይላል። መውለድ እየፈለገች ኑሮ አላስወልድ ቢላት ግን ሌላ ነገር ነው። አሃዙ ሁለቱን አይለይም።

አሁን ትምህርት ቤትዎ። ክፍል የጠበበው በሕዝብ ዕድገት ብቻ ነው ብዬ ብመልስልዎት አሳስትዎታለሁ። በ1987 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ አንደኛ ደረጃ የሚማረው 3 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በ20 ዓመት ስድስት እጥፍ! ሕዝቡ ግን ስድስት እጥፍ አላደገም፤ ሕዝቡ በሚያድግበት ፍጥነት እጥፍ ለመሆን እንኳ 27 ዓመት ያህል ይፈልጋል (70ን ለዓመታዊው የዕድገት መቶኛ ማካፈል ነው፤ 2.6 ከሆነ 27 ይመጣል። ተማሪዎች ይህችን ዘዴ ይወዷታል)። ቀሪው ጭማሪ የመጣው ድሮ ከብት ይጠብቅ የነበረው ልጅ፣ እንጨት ትለቅም የነበረችው ልጅ ደብተር ይዘው ስለመጡ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ክፍልም የሚሞላው እነዚያው ልጆች እያለፉ ሲመጡ ነው። በዚህ ላይ ከገጠር ወደ ከተማው የሚገባው ቤተሰብ አለ። ስለዚህ የእርስዎ ክፍል ውስጥ ሦስት ነገር አንድ ላይ ተቀምጧል፦ ቀድሞ የተወለደው ብዙ ልጅ፣ ድሮ የማይማር የነበረው ልጅ፣ ከሌላ ቦታ የመጣው ልጅ።

ከሌላ ቦታ ስል አንድ ነገር ልጨምር፣ የእርስዎ ትምህርት ጂኦግራፊ ነውና። የእኛ ሕዝብ በካርታው ላይ እኩል አልተበተነም። አብዛኛው ደጋውና ወይናደጋው ላይ ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው። ቆላው ሰፊ ነው፣ ሰው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ የድሮ ሰዎች ሂሳብ ነው፤ ቆላ ሲወርዱ ወባ ሰውን ይፈጃል፣ ገንዲ ከብቱን ይጨርሳል፣ ዝናቡም አይታመንም። በ1977 እና 78 ዓ.ም. ደርግ ከድርቅ አካባቢዎች ወደ 600 ሺህ ሰው አንስቶ እንደ ፓዌ ወዳሉ ቦታዎች ሲያሰፍር የሆነውን የሚያስታውሱ አሉ። ብዙ ሰው በበሽታ አለቀ። «ባዶ መሬት አለ፣ ሰው ይውሰዱበት» የሚለው ሐሳብ ካርታ ላይ ቀላል ነው። ከዚያም በላይ ባዶ የሚባለው መሬት የአርብቶ አደሩና የነባሩ ነዋሪ ነው።

ደጋው ላይ ደግሞ እንሰት ያለበትን ደቡብ ይመልከቱ። ወላይታ፣ ጌዴኦ፣ ሲዳማ በገጠር ጥግግት ሀገር ውስጥ ቀዳሚ ናቸው፤ ጓሮ ያለ እንሰት በትንሽ መሬት ብዙ ቤተሰብ ስለሚመግብ ነው። እንሰቱ ግን መሬቱን አይዘረጋውም። አባት መሬቱን ለአራት ወንዶች ልጆች ሲያካፍል፣ እነሱም በተራቸው ሲያካፍሉ፣ ለልጅ ልጅ የሚደርሰው ጎጆ መሥሪያ ብቻ ይሆናል። መሬት ያጣው ወጣት ይሄዳል። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ከወሎ ወደ ሳዑዲ፣ ከሁሉም ወደ አዲስ አበባ። አዲስ አበባ በወሊድ ራሷን ሳትተካ የምትሰፋው በዚህ ነው። የሚሄደው ደግሞ ጎልማሳ አይደለም፤ 18፣ 20 ዓመት ነው። እኛ ስለ ብዛት ስንከራከር እሱ መንገድ ላይ ነው። በጣም የሚያሳስበኝ የሕዝቡ ጠቅላላ ቁጥር ሳይሆን ይኼኛው ልጅ ነው፤ የተወለደው ከ20 ዓመት በፊት ስለሆነ ዛሬ የሚደረግ የወሊድ ቁጥጥር እሱን አይመለከተውም። እሱ የሚፈልገው ሥራ ነው።

«ታዲያ ምንም ማድረግ አይቻልም?» ካሉ፣ ይቻላል። ሁለት ነገር ልንገርዎ።

አንደኛው ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው፦ ስንት ወለደች ብቻ ሳይሆን መቼ ወለደች የሚለውም ሕዝብን ያበዛል ወይም ያዘገያል። አንዲት ሴት በ20 ዓመቷ ሴት ልጅ ወለደች፣ ልጇም በ20፣ የልጅ ልጇም በ20። ሴትዮዋ 60 ሲሆናቸው አራት ትውልድ አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣል። ሁሉም በ30 ቢወልዱ ኖሮ ግን ማዕዱ ላይ የሚገኘው ሦስት ትውልድ ነበር። የልጅ ቁጥር አንድ ነው፣ የሕዝቡ ቁጥር ግን አንድ አይደለም። በ2008ቱ ጥናት የግማሾቹ ሴቶች የመጀመሪያ ልጅ የተወለደው ገና ከ19 ዓመታቸው ትንሽ አለፍ ሲል ነው። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 አድርጓል፤ በየገጠሩ ግን ልጅ ሳይደርስ የሚደገሰው ሠርግ አላለቀም። አንዲት ልጅ እስከ 12ኛ ክፍል ወንበሯ ላይ ከቆየች ሲኖትራኩ ላይ ሌላ ፍሬን ተጨመረ ማለት ነው። እርስዎ በሥራዎ ይህን እያደረጉ ነው።

ሁለተኛው የወሊድ መከላከያ ነው። በ1992 ዓ.ም. ካገቡት ሴቶች የሚጠቀሙት 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 በመቶ ሆኑ፣ አብዛኞቹ በሦስት ወር መርፌ። ይህ ጥሩ ነው። በዚያው ዓመት ግን 22 በመቶ የሚሆኑ ያገቡ ሴቶች መውለድ ማቆም ወይም ማራራቅ እየፈለጉ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። ከአምስት አንዷ ማለት ነው። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ወይ መርፌው አልቋል፣ ወይ ባል አይፈቅድም፣ ወይ ጎረቤት ስለ ጉዳቱ ያወራው አስፈርቷታል። እነዚህን ሴቶች «ውለዱ» ወይም «አትውለዱ» ማለት አያስፈልግም። የጠየቁትን መስጠት ነው።

ስለ ጠቅላላ ቁጥሩ ተማሪዎች ይጠይቁዎታል፣ በየኢንተርኔቱም የተለያየ ያገኛሉ። የተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. ለ2024 ወደ 132 ሚሊዮን ይላል፤ የሀገር ውስጡ ግምት ከ110 ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ 20 ሚሊዮን ያልፋል! ይህ የሆነው ሁለቱም የሚነሱት ከድሮ ቆጠራና ከናሙና ጥናት ስለሆነ ነው። በ1999 ከተቆጠርን ወዲህ የታሰበው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሟል። ያኔ የተወለደ ልጅ አሁን መራጭ ሆኗል፣ እኛ ግን ስንት እንደሆንን የምናወራው በግምት ነው። ክፍል የሚሠራው፣ በጀት የሚከፋፈለው፣ ክትባት የሚታዘዘው በዚህ ግምት ነው። እንደ አንድ የዚህ ሙያ ሰው ይህ ያንገበግበኛል።

ለክፍልዎ አንድ ሥራ ልጠቁም። እያንዳንዱ ተማሪ አያቱን፣ እናቱንና ትልቅ እህቱን ወይም አክስቱን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የመጀመሪያ ልጅሽን በስንት ዓመትሽ ወለድሽ? ስንት ወለድሽ? ስንቱ አለ? 60 ተማሪ ካለዎት 180 ሴት ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ በሦስት ረድፍ ጻፉትና የየትውልዱን አማካይ አውጡ፤ ወሊዱ ሲወርድ፣ ሞቱ ሲቀንስ፣ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለድበት ዕድሜ ሲገፋ በራሳቸው ቤት ያዩታል። ከዚያ የ700ውን መንደር ምሳሌ ቢሰጧቸው በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባቸዋል። ብቻ ሦስተኛውን ጥያቄ ሲጠይቁ አያታቸው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ቡና ላይ፣ ቀስ ብለው ይሁን። መልሱ ወዲያው ካልመጣም አይቸኩሉ፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሚተርኩላቸውንም ይስሙ። እኔ ያኔ ቅጹን አጥፌ ቶሎ ወጣሁ።